ከሶሊድወርክስና ከኢንቬንተር ጋር የሚናበብ ኢአርፒ አመራረጥ፦ ለብረታ ብረትና ለማሽን ወርክሾፖች ዝርዝር መመሪያ

ይህ መመሪያ ዲዛይኑን በሶሊድወርክስ፣ በኢንቬንተር ወይም በአውቶካድ እየሠራ ግዥውን፣ ስቶሩንና ሒሳቡን ግን በኤክሴልና በፒችትሪ ለሚያስተዳድር ወርክሾፕ ነው። ብዙ ድርጅት ኢአርፒ (ግዥን፣ ስቶርን፣ ምርትንና ሒሳብን አንድ ላይ የሚያስተዳድር ሶፍትዌር) ገዝቶ ጥቂት ወራት ሳይቆይ ወደ ኤክሴል ይመለሳል። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው፤ መጀመሪያ ይገዛል፣ ከዚያ የዕቃ ቁጥሩና ንድፉ ሊስተካከል ይሞከራል። እናንተ በተቃራኒው ሂዱ። ቁጥሩንና ንድፉን አጽዱ፣ ሻጩን በራሳችሁ ንድፍ ፈትኑ፣ ክፍያውን ወደ መጨረሻ አድርጉ።

ከመጀመራችሁ በፊት

ሦስት ሰዎች ይመደቡ፦ አንድ ከዲዛይን፣ አንድ ከስቶር፣ አንድ ከግዥ ወይም ከሒሳብ። ሥራ አስኪያጁ ብቻውን ወይም የአይቲ ባለሙያው ብቻውን ከመረጠ ሌሎቹ አይቀበሉትም። ባይቀበሉት ደግሞ አይፈረድባቸውም፤ ሥራቸውን የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

አንድ የሙከራ ምርት ምረጡ። ከ20 እስከ 60 ክፍል ያለው፣ ቢያንስ አንድ ንዑስ አሴምብሊ (ከክፍሎች ተገጣጥሞ ወደ ዋናው ምርት የሚገባ አካል)፣ አንድ የተበየደ ፍሬምና የሚገዙ ብሎኖች ያሉት ይሁን። በጣም ቀላል ምርት ችግሩን አያሳይም፤ በጣም ከባድ ምርት ደግሞ ሙከራውን ያጓትታል።

የእያንዳንዱን የዲዛይን ሶፍትዌር ስም፣ የዓመት ቅጂና የፈቃድ ዓይነት ጻፉ። ሕጋዊ ፈቃድ የሌለው ቅጂ ካላችሁ እዚሁ ላይ ቁሙና እሱን መፍትሔ ስጡት፤ በእንዲህ ያለ ቅጂ ላይ የድጋፍ ውል የሚገባ ሻጭ አታገኙም።

ደረጃ 1፦ የመረጃውን ጉዞ በወረቀት አስቀምጡ

አንድ ትዕዛዝ ከደንበኛ ተነስቶ ምርቱ እስኪወጣ ድረስ ማን ምን እንደሚጽፍ በአንድ ገጽ ሣሉ። ድሮዊንጉን ማን ያጸድቃል? ከድሮዊንጉ ላይ የዕቃውን ዝርዝር ማን ይገለብጣል? ስቶር የሚያወጣው በየትኛው ወረቀት ነው፣ በሞዴል 22 ነው ወይስ በቃል? ግዥ ፕሮፎርማ የሚሰበስበው በማን ጥያቄ ነው?

ከዚያ ሁለት ነገር ቁጠሩ፦ በወር ስንት አዲስ የምርት ዝርዝር እንደሚወጣና በወር ስንት ነባር ዝርዝር እንደሚቀየር። ደረጃ 5 ላይ ውሳኔያችሁን የሚወስኑት እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ናቸው፤ በግምት አትለፏቸው።

አንድ ምርት ከምን ከምን ክፍል፣ በምን ያህል ብዛት እንደሚሠራ የሚያሳየውን ዝርዝር ከዚህ በኋላ ቦም እንለዋለን። ቦም ሁለት ዓይነት መሆኑን ከአሁኑ ተስማሙበት። የዲዛይን ቦም ከንድፉ የሚወጣው ነው። የምርት ቦም ደግሞ በንድፉ ላይ የማይሣሉትን ኤሌክትሮድ፣ ፀረ ዝገት ቀለም፣ ቲነር፣ የመቁረጫ ዲስክና ማሸጊያ ይጨምራል። ስቶር የሚያወጣውና ዋጋ የሚሰላው በሁለተኛው ነው። ይህን ልዩነት የማያውቅ ሶፍትዌር ወይም ሻጭ ሲያጋጥማችሁ ጊዜ አታጥፉበት።

ደረጃ 2፦ የዕቃ ቁጥሩን አጽዱ

ግንኙነቱ የሚቆመው በዕቃ ቁጥሩ ነው። የዲዛይን ሶፍትዌሩና ኢአርፒው አንድን ብሎን በሁለት ቁጥር ካወቁት ምንም ያህል ውድ ማገናኛ (ሁለቱን የሚያናብብ ፕሮግራም) ቢገዛ አያስታርቃቸውም።

1. የስቶሩን ዝርዝርና የዲዛይን ክፍሉን ዝርዝር በአንድ ኤክሴል ላይ አንድ ላይ አምጡ።

2. በስም ሳይሆን በመጠን ደርድሩ። ዲያሜትር 10 ርዝመት 30 የሆነ ብሎን በአምስት ዓይነት አጻጻፍ ተመዝግቦ ታገኙታላችሁ። አንዱን አስቀሩ፣ ሌሎቹን ዝጉ። አትሰርዟቸው፤ የድሮ ሰነዶች ይጠቅሷቸዋል።

3. ለእያንዳንዱ ዕቃ ትርጉም የሌለው ተከታታይ ቁጥር ስጡ፤ ከ100001 ጀምሩ። በዜሮ የሚጀምር ቁጥር አትጠቀሙ፤ ኤክሴል 000125ን ሳይጠይቅ 125 ያደርገዋል። ሰረዝ ያለበት አጭር ቁጥርም አትጠቀሙ፤ 3-12 ወደ ቀን ይለወጣል። በመሃሉ የእንግሊዝኛ ኢ ፊደል ያለበት እንደ 12ኢ5 ያለ ቁጥር ደግሞ በኤክሴል ዓይን 1,200,000 ነው።

4. መጠኑን፣ ማቴሪያሉንና አቅራቢውን ቁጥሩ ውስጥ አትቆልፉ። ለእነሱ የየራሳቸው ዓምድ አለ። አቅራቢ ሲቀየር ቁጥር የሚቀየርበት አሠራር መጨረሻ የለውም።

5. ስሙን አንድ ወጥ አድርጉ፦ መጀመሪያ ዓይነት፣ ቀጥሎ መጠን፣ ቀጥሎ ማቴሪያል። «ቱቦላሬ 40×40×2 ጥቁር ብረት»፣ «ላሜራ 2 ሚሜ 1000×2000»፣ «ሮንዴላ 10 ሚሜ»።

6. ስሙን በአማርኛ የምትጽፉ ከሆነ የፊደል ምርጫችሁን በአንድ ገጽ ወስኑና ለሁሉም አድሉ። ለእኛ «ሰሌዳ» እና «ሠሌዳ» አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ሁለት ዕቃዎች ናቸው። ስቶር በአንዱ ፈልጎ ሲያጣው በሌላው አዲስ ዕቃ ይከፍታል።

7. አዲስ ቁጥር የሚሰጠው አንድ ቦታ ብቻ ይሁን። የሚገዛና ወደ ስቶር የሚገባ ዕቃ ቁጥሩን ከኢአርፒ ይውሰድ፤ ንድፍ አውጪው ቁጥሩን ከዚያ ወስዶ ንድፉ ላይ ያስገባ። ሁለት ወገን ቁጥር የሚሰጥበት ወርክሾፕ በስድስት ወር ውስጥ ወደ ተደጋጋሚ ዝርዝሩ ይመለሳል።

ደረጃ 3፦ ንድፉን ለማስተላለፍ ዝግጁ አድርጉ

በሶሊድወርክስ። እያንዳንዱ ፋይል በከስተም ፕሮፐርቲው (የፋይሉ መረጃ በሚሞላበት ቦታ) ላይ ቢያንስ አምስት ነገር ይኑረው፦ የዕቃ ቁጥር፣ ስም፣ ማቴሪያል፣ ሪቪዥን (የንድፉ እትም)፣ የሚሠራ ወይም የሚገዛ መሆኑ። የቦሙ ፓርት ነምበር ካልተቀየረ በቀር የፋይሉን ስም ይወስዳል። አንድ ሰው ፋይል ገልብጦ ስሙን ሳያስተካክል ከተወው «ኮፒ» የሚል ቃል ያለበት ስም የዕቃ ቁጥር ሆኖ ኢአርፒ ውስጥ ይገባል። በአንድ ፋይል ውስጥ ብዙ ኮንፊገሬሽን (የአንዱ ምርት የተለያየ መጠን ወይም ዓይነት) ካለ ቁጥሩ በፋይሉ ደረጃ ሳይሆን በኮንፊገሬሽኑ ደረጃ መጻፍ አለበት፤ አለበለዚያ ሦስት መጠን ያለው ምርት በአንድ ቁጥር ይተላለፋል።

የተበየደ ፍሬም ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በዌልድመንት (የሶሊድወርክስ የብየዳ ፍሬም መሥሪያ) የተሠራ ፍሬም ቦም ላይ እንደ አንድ ክፍል ብቻ ይታያል፤ ቱቦላሬዎቹ በርዝመታቸው እንዲወጡ ከፈለጋችሁ ኢንደንትድ የሚባለውን የቦም ዓይነት መርጣችሁ ዝርዝር ከት ሊስት (የፍሬሙ ቁርጦች ዝርዝር) የሚለውን አብሩ። ስንቶቹ ማገናኛዎች ከት ሊስቱን ማንበብ እንደማይችሉ ሲታይ ይገርማል። ብረት ለሚበይድ ወርክሾፕ ይህ ከሌሎቹ መስፈርቶች ሁሉ ይቀድማል።

በኢንቬንተር። መረጃው የሚቀመጠው በአይፕሮፐርቲስ ነው። የእያንዳንዱን ክፍል የቦም ስትራክቸር አረጋግጡ፦ የሚገዛው «ፐርቸስድ»፣ ለማሳያ ብቻ የገባው «ሬፈረንስ»፣ ራሱ ስቶር የማይገባ ስብስብ «ፋንተም» ይሁን። ሁሉም «ኖርማል» ሆኖ ከተተወ ኢአርፒው የተገዛውን ሞተር በብሎኖቹ ልክ ፈትቶ የምርት ትዕዛዝ ይከፍትለታል።

በአውቶካድ። በሁለት ገጽታ የተሣለ መስመር የዕቃ መረጃ አይዝም። መረጃ ማውጣት የሚቻለው ክፍሎቹ አትሪቢዩት (የተያያዘ መረጃ) ያላቸው ብሎኮች ከሆኑ ነው፤ ያኔ በዳታ ኤክስትራክሽን ትዕዛዝ ወደ ሰንጠረዥ ይወጣሉ። ድሮዊንጎቻችሁ ተራ መስመር ከሆኑ የቀጥታ ማገናኛ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ቦሙን በእጅ እያስገባችሁ ቆዩ፣ ወይም መጀመሪያ ንድፉን ወደ ብሎክ አሻሽሉ።

የክብደት ፍተሻ። ከየምርቱ አንድ የላሜራ ክፍል ምረጡና ክብደቱን በእጅ አስሉ። የ2 ሚሜ ውፍረት፣ 1 በ2 ሜትር ላሜራ በ7850 ኪሎ በሜትር ኪዩብ ሲሰላ 31.4 ኪሎ ነው። ሶፍትዌሩ 4 ኪሎ ካለ ማቴሪያል አልተመረጠለትም፤ የውኃን እፍጋት ወስዶ ነው ያሰላው። ዋጋና ጭነት በክብደት የምታሰሉ ከሆነ ይህ ስህተት ሳይታወቅ ፕሮፎርማችሁ ላይ ይገባል።

ደረጃ 4፦ መለኪያውን አስታርቁ

ንድፍ አውጪው በሚሊ ሜትር ያስባል፣ ስቶር በቁራጭ ይቆጥራል፣ መርካቶ ደግሞ የሚሸጠው ባለ 6 ሜትሩን ሙሉ ቱቦላሬ ነው። ሦስቱ ሳይታረቁ ኢአርፒ ሲገባ የግዥ ጥያቄው ሁልጊዜ ጥቂት ያንሳል፤ የሚያንሰውም ሥራው መሃል ላይ ሲደርስ ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። አንድ መደርደሪያ 1800 ሚሜ የሆኑ አራት ቋሚዎች አሉት፤ ትዕዛዙ 12 መደርደሪያ ነው። 48 ቋሚ ሲባዛ በ1.8 ሜትር 86.4 ሜትር ይሆናል፤ ለ6 ሲካፈል 14.4፣ ወደ ላይ ሲጠጋ 15 ቱቦላሬ። ሜትር ብቻ የሚደምር ሶፍትዌር 15 ግዙ ይላችኋል። ከአንድ ባለ 6 ሜትር ግን የሚወጣው ሦስት ቋሚ ብቻ ነው፤ በየቁርጡ 3 ሚሜ ለዲስኩ ሲታሰብ 59 ሳንቲ ሜትር ገደማ ቁራጭ ይተርፋል። ስለዚህ የሚያስፈልገው 16 ነው። የቀረችው አንዷ ቱቦላሬ የመኪና ኪራይና የግማሽ ቀን ሥራ ታስከፍላለች።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ፦

1. ለእያንዳንዱ ጥሬ ዕቃ ሦስት መለኪያ ወስኑ፦ የግዥ (ሙሉ ቱቦላሬ ወይም ላሜራ)፣ የስቶር፣ የፍጆታ (ሜትር ወይም ካሬ ሜትር)።

2. መለወጫውን በዕቃው ካርድ ላይ ጻፉ፤ 1 ቱቦላሬ እኩል 6 ሜትር።

3. የአቆራረጥ ስሌቱን ኢአርፒው ራሱ ይሠራል ብላችሁ አትጠብቁ። ከአቆራረጥ ሶፍትዌር ወይም ከኤክሴል የወጣው ውጤት ወደ ምርት ቦሙ የሚገባበትን መስክ ጠይቁ።

4. ከ50 ሳንቲ ሜትር በላይ የሆነ ቁራጭ ወደ ስቶር ተመልሶ ይመዝገብ፣ ከዚያ በታች ያለው እንደ ቁርጥራጭ ይወገድ፤ ወሰኑን እንደ ምርታችሁ አስተካክሉት። ወሰን ካልተቀመጠ ስቶሩ ማንም በማይፈልገው ብረት ይሞላል።

ደረጃ 5፦ የግንኙነቱን ዓይነት ምረጡ

ሦስት መንገድ አለ።

በፋይል፦ ከንድፉ ሰንጠረዥ በሲኤስቪ (ተራ የሰንጠረዥ ፋይል) ወይም በኤክሴል ይወጣል፣ ኢአርፒ ውስጥ ይገባል። ርካሽ ነው፣ ሲበላሽም የተበላሸው ቦታ በዓይን ይታያል። በወር ከ20 የማይበልጥ አዲስና የተቀየረ ቦም ላለው ወርክሾፕ የእኛ ምክር ይኼው ነው።

በፋይል አስተዳዳሪ በኩል፦ የሶሊድወርክስ ፒዲኤም ወይም የአውቶዴስክ ቮልት የንድፉን ሪቪዥንና ማጽደቂያ ይይዛል፣ የጸደቀውን ብቻ ወደ ኢአርፒ ያሻግራል። ሁለትና ከዚያ በላይ ንድፍ አውጪ ካለ ይህ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ፒዲኤም ስታንዳርድ የተጨማሪ ፕሮግራም ማገናኛ አይቀበልም፤ ዳታቤዙም የመጠን ገደብ ባለበት ኤስኪውኤል ኤክስፕረስ ላይ ነው። ከኢአርፒ ጋር በራሱ እንዲናበብ ከተፈለገ ፒዲኤም ፕሮፌሽናል ነው የሚያስፈልገው። በቮልትም በኩል ዕቃዎችንና የለውጥ ትዕዛዞችን የሚያስተዳድረው ቮልት ፕሮፌሽናል ነው። ሻጩ «ፒዲኤም አላችሁ፣ ይበቃል» ካላችሁ የትኛው እንደሆነ በጽሑፍ ይመልስ።

በቀጥታ ማገናኛ፦ ንድፍ አውጪው ከሶሊድወርክሱ ሳይወጣ ዕቃ ይፈልጋል፣ ቦም ይልካል። ፈጣን ነው። ነገር ግን ሶሊድወርክስ በየዓመቱ አዲስ ቅጂ ስለሚያወጣ ማገናኛውም አብሮ መታደስ አለበት። ማገናኛውን የሠራው ማን ነው? የኢአርፒው ባለቤት፣ አጋር ድርጅት ወይስ አንድ ብቻውን የሚሠራ ፕሮግራመር? የመጨረሻው ከሆነ ኮዱ በእጃችሁ ካልገባ አትፈርሙ።

ደረጃ 6፦ ሦስት ዕጩ ብቻ አስቀሩ

ከሦስት በላይ ማወዳደር ሰው ያደክማል፣ ውሳኔውንም ያዘገያል። በአገራችን ደጋግመው ከሚቀርቡት ውስጥ ልታውቁት የሚገባው ይኼ ነው።

ኢአርፒኔክስት ኮዱ ክፍት ነው፤ የምርት ክፍሉ አብሮት ይመጣል፤ በራሳችሁ ሰርቨር ላይ ስትጭኑት ኤፒአዩም (ሌላ ፕሮግራም የሚገናኝበት በር) ክፍት ነው። የጸደቀ ቦም አይታረምም፤ ለውጥ ሲመጣ አዲስ ቦም ተከፍቶ በበላይ አሴምብሊዎቹ ሁሉ ይተካል፣ ለዚህም የራሱ መሣሪያ አለው። ይህ ጥብቅነት ለሪቪዥን ቁጥጥር ጥሩ ነው። ድክመቱ ግን ሰርቨሩን የሚንከባከብ ሰው መፈለጉ ነው።

ኦዱ ነፃና የሚከፈልበት ቅጂ አለው። ምርት በነፃው ውስጥ አለ፤ የንድፍ ለውጥን የሚያስተዳድረው ፒኤልኤም ግን በሚከፈልበት ብቻ ነው። ኦዱ ኦንላይን በሚባለው ላይ የራሳችሁን ወይም የሦስተኛ ወገን ሞጁል መጫን አይቻልም፤ ከውጭ በኤፒአይ ለመግባትም ከስታንዳርድ በላይ ያለው ከስተም የክፍያ ዕቅድ ያስፈልጋል። ርካሹን ዕቅድ ገዝቶ ማገናኛውን መጫን ሲያቅተው የሚደነግጥ ብዙ ነው።

ዳይናሚክስ 365 ቢዝነስ ሴንትራል ምርትን የያዘው በፕሪሚየም ፈቃድ ነው፤ በኤሴንሻልስ ውስጥ የለም። ኤስኤፒ ቢዝነስ ዋን ከንድፍ መሣሪያ ጋር የሚገናኘው አብዛኛውን ጊዜ በአጋር ድርጅቶች ምርት በኩል ነው፤ ስለዚህ ሁለት ውልና ሁለት የዓመት ክፍያ አስቡ።

ፒችትሪን መጣል የለባችሁም። በመጀመሪያው ዓመት ሒሳቡ እዚያው ይቆይ፤ አዲሱ ሶፍትዌር ዲዛይን፣ ስቶር፣ ግዥና ምርት ይያዝ። አራቱንም ክፍሎችና ሒሳቡን በአንድ ቀን መቀየር ሁሉንም ባንዴ ያንገዳግዳል።

ደረጃ 7፦ ሻጩን በራሳችሁ ንድፍ ፈትኑት

የሻጩን ማሳያ ዳታ አትቀበሉ። እሱ ሺህ ጊዜ የተለማመደው ነው። የሙከራ ምርታችሁን ፋይል ስጡትና የሚከተለውን በፊታችሁ ይሥራ።

1. አሴምብሊውን ያስተላልፍ። አንድ አዲስ ክፍል፣ አንድ የሚገዛና አንድ ቀድሞ ኢአርፒ ውስጥ ያለ ዕቃ ይኑርበት።

2. ያንኑ ደግሞ ያስተላልፍ። አንድም ተደጋጋሚ ዕቃ መፈጠር የለበትም።

3. ብሎኑን ከ4 ወደ 6 ቀይሩ፣ ሪቪዥኑን አሳድጉ፣ ደግሞ ያስተላልፍ። የተከፈተ የምርት ትዕዛዝ ካለ ምን ሆነ? በድሮው ቀጠለ፣ ዝም ብሎ ተቀየረ ወይስ ማስጠንቀቂያ ሰጠ? ዝም ብሎ የሚቀየር ከሆነ ስቶር ያወጣውና ወረቀቱ አይገጥሙም።

4. ከንድፉ አንድ ክፍል አጥፉ። ብዙ ማገናኛ መጨመር እንጂ መቀነስ አይችልም፤ የጠፋው ክፍል ቦሙ ላይ ቀርቶ ስትገዙት ትኖራላችሁ።

5. በምርት ቦሙ ላይ ቀለምና ኤሌክትሮድ በእጅ ጨምሩ፣ ከዚያ ከንድፉ እንደገና ይላክ። የጨመራችሁት ተሰርዞ ከሆነ ያ ማገናኛ አይሆናችሁም። ብዙ ዕጩ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

6. በመተላለፍ ላይ እያለ የኔትወርክ ገመዱን ንቀሉ። መልሳችሁ ስትሰኩ ግማሽ ቦም ገብቶ ነው? እንደገና ሲላክ ያጠናቅቃል ወይስ ያባዛል? መብራትና ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቦታ ይህ ፈተና የየሳምንት እውነታ ነው።

7. ያልጸደቀ ንድፍ ለመላክ ሞክሩ። መከልከል አለበት።

8. በአማርኛ የተጻፈ ስም ያለው ዕቃ ይላክ፤ በስክሪንም በታተመው ወረቀትም ላይ ፊደሉ ሳይሰበር ይውጣ።

ውጤቱን አለፈ ወይም ወደቀ ብላችሁ ብቻ መዝግቡ። «በሚቀጥለው ቅጂ ይስተካከላል» የሚል መልስ ወደቀ ነው። ከቁጥር 2፣ 5 እና 6 በአንዱ እንኳ የወደቀ ዕጩ ሌላው ሁሉ ቢያምርም አይመረጥ።

ደረጃ 8፦ ሙሉውን ወጪና ውሉን

የሦስት ዓመት ወጪ በአንድ ሰንጠረዥ ላይ አስቀምጡ፦ ፈቃድ፣ የማገናኛው ዓመታዊ እድሳት፣ ሰርቨርና ዩፒኤስ፣ የዳታ ማጽዳት ሥራ፣ ሥልጠና። በዶላር የሚከፈለውን ከብር ለዩት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በዶላር የተዋዋለ ዓመታዊ ክፍያ በብር ስንት እንደሚሆን አስቀድሞ ማወቅ ከባድ ነው፤ ለእሱ መጠባበቂያ ያዙ።

ውሉ ላይ እነዚህ ይግቡ፦

ክፍያው ከሥራ ጋር ይታሰር። ለመነሻ 30 በመቶ፣ የደረጃ 7 ፈተና በእናንተ ሰርቨር ላይ ሲያልፍ 40 በመቶ፣ የሁለት ወር መዝገብ በትክክል ከተዘጋ በኋላ 30 በመቶ ምክንያታዊ ክፍፍል ነው።

የዳታቤዙ ዋና የይለፍ ቃል በእጃችሁ ይሁን። ዳታው በማንኛውም ጊዜ በሲኤስቪ ሙሉ በሙሉ የሚወጣ መሆኑም ይጻፍ።

የዲዛይን ሶፍትዌሩ አዲስ ቅጂ ሲወጣ ማገናኛው በስንት ወር ውስጥ እንደሚታደስ ቁጥሩ ይቀመጥ። እስከዚያ ድረስ እናንተም ሶሊድወርክሱን አታሳድጉ።

ደረጃ 9፦ ሥራ አስጀምሩ

የበጀት ዓመታችሁ ከሐምሌ 1 የሚጀምር ከሆነ የሰኔ 30 ቆጠራ ለመነሻ የተመቸ ነው፤ ቆጠራው እንደሁ አይቀርም። ሶፍትዌሩ ላይ የበጀት ዓመቱን ከጁላይ 8 እስከ ጁላይ 7 አድርጋችሁ ክፈቱ። በጃንዋሪ 1 የሚጀምረውን ነባሪ ምርጫ ሳትነኩ ከሄዳችሁ በኋላ ለማስተካከል አሳር ነው።

በአንድ የምርት ቤተሰብ ብቻ ጀምሩ። የእሱ ቦሞች ሁሉ ከገቡ በኋላ የዚያ ምርት ዕቃ ከኢአርፒ በታተመ ማውጫ ካልሆነ ከስቶር አይውጣ። የድሮው ኤክሴል ለማንበብ ብቻ ይከፈት፤ መጻፍ የሚቻልበት ሆኖ ከቀረ ሰው ወደለመደው ይመለሳል። ሁለተኛውን ቤተሰብ የምታስገቡት የስቶር ቆጠራና የሶፍትዌሩ ቁጥር ለአንድ ወር ከተገናኙ በኋላ ነው።

ባክአፕ በየቀኑ ይወሰድ፤ አንዱ ቅጂ ከሕንፃው ውጭ ይቀመጥ። በወር አንድ ጊዜ ባክአፑን በሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሳችሁ ክፈቱ። ተከፍቶ ያልታየ ባክአፕ እንዳለ አይቆጠርም።

ሲበላሽ ምን ይደረግ

ብዛቱ እጥፍ ሆኖ ከገባ፦ ንዑስ አሴምብሊውም ክፍሎቹም አብረው ተቆጥረዋል። ሶሊድወርክስ ላይ ፓርትስ ኦንሊ የተባለውን የቦም ዓይነት ከንዑስ አሴምብሊ ቦሞች ጋር ቀላቅላችሁ ይሆናል። ለእያንዳንዱ አሴምብሊ የላይኛውን ደረጃ ብቻ ለየብቻ አስተላልፉ።

አንድ ክፍል ከጠፋ፦ ንድፉ ላይ ከቦም ውጭ እንዲሆን ተደርጎ፣ ሰፕረስ ተደርጎ (ለጊዜው ተዘግቶ) ወይም ኢንቬንተር ላይ ሬፈረንስ ሆኖ ይሆናል። ከኢአርፒው በፊት ንድፉን እዩ።

የአማርኛው ፊደል ጥያቄ ምልክት ከሆነ፦ ሲኤስቪው በዩቲኤፍ-8 (የአማርኛን ፊደል በሚይዘው አቀማመጥ) አልተቀመጠም። ኤክሴል ላይ ስታስቀምጡ ዩቲኤፍ-8 የሚለውን የሲኤስቪ ዓይነት ምረጡ። የዕቃ ቁጥሩ ዓምድም ከመክፈታችሁ በፊት ጽሑፍ ተብሎ ይሰየም።

ማስተላለፉ ባንድ ዕቃ ላይ ከቆመ፦ የስህተት መዝገቡን ክፈቱ። አብዛኛውን ጊዜ ኢአርፒው የማያውቀው መለኪያ ወይም ባዶ የዕቃ ቁጥር ነው። ያንን ዕቃ ንድፉ ላይ አስተካክሉና ሙሉውን እንደገና ላኩ። ኢአርፒው ውስጥ ገብታችሁ በእጅ አትሙሉት፤ በሚቀጥለው ማስተላለፍ ስህተቱ ይመለሳል።

ክፍሉ ተቀይሮ የትኛው ቁጥር እንደሚሰጠው ከተከራከራችሁ፦ አዲሱ ክፍል በድሮው ምትክ በስቶር ካለው ጋር ተቀላቅሎ መግባት ከቻለ ሪቪዥን ይጨመር፣ ቁጥሩ ይቆይ። መተካት ካልቻለ፣ ለምሳሌ ቀዳዳው ከተዛወረ፣ አዲስ ቁጥር ያስፈልገዋል።

የስቶር ቁጥሩ ከዜሮ በታች ከወረደ፦ ሶፍትዌሩን አትውቀሱ። ዕቃ ያለ ማውጫ ወጥቷል ወይም የገባው በሞዴል 19 ሳይመዘገብ ቀርቷል። ለዚያ ዕቃ ብቻ በዚያው ቀን ቁጠሩ፣ አስተካክሉ፣ ከዚያ ያለ ወረቀት ያወጣው የትኛው ፈረቃ እንደሆነ አጣሩ። ከዜሮ በታች መውረድን የሚከለክለውን ምርጫ ማብራት የሚገባው ግን ቆጠራው ለአንድ ወር ከተገናኘ በኋላ ነው፤ ቀድማችሁ ካበራችሁት ምርት ይቆማል፣ ሠራተኛውም የሌለ ዕቃ ገባ ብሎ መመዝገብ ይጀምራል።